ኳስን በደብተር ለሚከተል የጀጎል ልጅ

ልጄ፣ "ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የምማረው ኳስ ነው" ያልክ ዕለት ቤታችሁ ነደባ (መደብ) ላይ የሚነሳውን ጥያቄ ከወዲሁ አውቀዋለሁ። እናትህ "ተምረህ ምን ልትሆን?" ትላለች። አጎትህ ደግሞ "ኳስ ትምህርት ያስፈልገዋል እንዴ? ጀጎል ውስጥ ሕፃን ሁሉ ሲያንከባልለው ይውል የለም ወይ?" ይልሃል። አትቆጣቸው። የሚያስቡልህ ሰዎች ናቸው፤ የጠየቁህም የሚገባ ጥያቄ ነው። መልሱን ሳትይዝ ግቢ ከገባህ በመጨረሻው ዓመት ያንኑ ጥያቄ ራስህን ትጠይቃለህ፤ ያኔ ደግሞ ብዙ ነገር ያመልጥሃል። ዕድሜዬን ከልጆችና ከኳስ ጋር ያሳለፍኩ ሰው ነኝና ያየሁትንና የማምንበትን ልንገርህ።

መጀመሪያ ብዙውን ልጅ የሚያሳስተውን እናንሳ። ዩኒቨርሲቲ ተጫዋች አያደርግም። ተጫዋች የሚሠራው በልጅነቱ ነው። ግቢ ስትገባ 18 ወይም 19 ዓመት ሞልቶሃል፤ እስከዚያ ዕድሜ አንድም አሠልጣኝ ስምህን ካልያዘ ክፍል ውስጥ የምትወስደው ኮርስ ስም አያወጣልህም። ትምህርቱ የሚሰጥህ ሌላ ነው፦ ሰው ሲሮጥ ልቡና ሳንባው ምን እንደሚሆኑ፣ ጡንቻ ለምን እንደሚሸማቀቅ፣ ለ10 ዓመት ልጅና ለ16 ዓመት ልጅ የሚሰጠው ልምምድ ለምን እንደሚለያይ፣ ውድድር እንዴት እንደሚደራጅ፣ ክለብ እንዴት እንደሚተዳደር። በመጀመሪያ ዲግሪ ይህን የምታገኘው ብዙ ጊዜ "ስፖርት ሳይንስ" በሚል ስም ነው፤ የእግር ኳስ አሠልጣኝነትን ለብቻው ለይተው የሚያስተምሩ ፕሮግራሞች በሁለተኛ ዲግሪ አሉ። ለሐረር ልጅ ቅርቡ ሐረማያ ነው። ምደባው ባሕር ዳር ወይም ጅማ ቢጥልህም ያው ትምህርት እዚያም አለ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ሜዳ ላይ የሚሮጡት 22 ናቸው። እነሱ እንዲሮጡ ዙሪያቸውን የሚሠራው ሰው ግን ከእነሱ ብዙ እጥፍ ነው፤ በእኛ ሀገር የጎደለውም እሱ ነው። ማስረጃ ከፈለግህ ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. የሆነውን አስታውስ። ብሔራዊ ቡድናችን፣ ዋልያዎቹ፣ ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፉ፤ ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ አገቡ። ጨዋታው "በሜዳችን" ተብሎ የተመዘገበ ነው፤ የተደረገው ግን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው። ከዚያ ሰባት ወር ቀደም ብሎ ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ጋናን "በሜዳችን" ያስተናገድነው ጆሃንስበርግ ነበር። የባሕር ዳር ስታዲየም በአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) መመዘኛ አልበቃም ተብሎ ስለታገደ ብሔራዊ ቡድናችን ከሀገር ሀገር ሲዞር ከረመ። ያን የመሰለ ድል አንድ ሐረሬ ወይም አንድ ጎንደሬ በዓይኑ ሳያየው፣ ከቴሌቪዥን ፊት ሆኖ ጮኾ ቀረ።

ይህን ያመጣብን አጥቂ አይደለም፤ በረኛም አይደለም። ካፍ አንድን ስታዲየም ሲመዝን የሚያየው ሣሩን፣ የመብራቱን ኃይል፣ የመልበሻ ክፍሉን፣ የሕክምና ክፍሉን፣ የጋዜጠኞችን መቀመጫ፣ ደጋፊ የሚገባበትንና በአደጋ ጊዜ የሚወጣበትን በር ነው። አንዱም በስሜት የሚሠራ አይደለም፤ እያንዳንዱ የተማረ ሰው ይፈልጋል። ልጄ፣ አገርህን ከሜዳ ያስወጣት ይህ ክፍተት የአንተ እንጀራ የሚገኝበት ቦታ ነው።

ሣሩን ብቻ እንይ። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ከሁሉ በፊት የግብርና ኮሌጅ ነበር፤ ስለ አፈር፣ ስለ ዘርና ስለ መስኖ ለትውልድ ያስተማረ ግቢ ነው። ስፖርት ሳይንስ የሚማረው ልጅና ዕፅዋት የሚማረው ልጅ አንድ ግቢ ውስጥ ይኖራሉ፤ አንድ ካፌ ይበላሉ፤ ግን ስለ ሜዳ ሣር ተነጋግረው አያውቁም። የሐረርን የውኃ ችግር አንተ ታውቀዋለህ፤ ከተማዋን ታጠጣ የነበረችው የሐረማያ ሐይቅ እንኳ ደርቃ አይተናል። በዚህ ደጋ፣ በትንሽ ውኃ፣ የሰው ጫማ ሳምንት ሙሉ እየረገጠው የሚቆም ሣር የትኛው ነው? በሳምንት ስንት ጊዜ ይታጨዳል? ከዝናብ በኋላ ውኃው በየት ይወርዳል? የመመረቂያ ጽሑፍህን በዚህ ላይ ብትሠራ፣ ከግብርናው ክፍል አንድ መምህር አማካሪ ብትጨምር፣ ስትመረቅ የስታዲየም ባለቤት የሆነ የከተማ አስተዳደር ሁሉ የሚፈልገውን ነገር ይዘህ ትወጣለህ። "የተማሪዎች የእግር ኳስ ፍላጎት" የሚል ጽሑፍ ግን መደርደሪያ ላይ ከማደር አያልፍም።

ሥራው ሣር ላይ ብቻ አያበቃም። አንድ ክለብ በአህጉር ውድድር ለመሳተፍ የክለብ ላይሰንስ ያስፈልገዋል። መመዘኛው አምስት ዘርፍ አለው፤ ስፖርታዊ፣ የመሠረተ ልማት፣ የሰው ኃይልና አስተዳደር፣ የሕግ እና የፋይናንስ። ቁጥሩ ከጀጎል ጥንታዊ በሮች ጋር ገጠመ፤ በሸዋ በር የገባም በኤረር በር የገባም መሐል ከተማ ይገናኛል፤ አንተም በየትኛውም ዘርፍ ብትገባ ኳስ ውስጥ ነህ። የእኛ ልጆች ግን ሁሉም በአንዱ በር ላይ ተጨናንቀው ቆመዋል፤ ሁሉም ዋና አሠልጣኝ መሆን ይፈልጋል።

በሌላው በር የገባ ሰው የት እንደሚደርስ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አቶ ይድነቃቸው ተሰማ የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋች ነበሩ፤ ጥር 1954 አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ስንወስድ ደግሞ አሠልጣኝ ነበሩ። ዛሬ አፍሪካ የሚያስታውሳቸው ግን ከዚያ በላይ በጽሕፈት ቤት ሥራቸው ነው። ካፍ በ1949 ካርቱም ላይ ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዷ ኢትዮጵያ ናት፤ እሳቸው ከ1964 ጀምሮ እስካረፉበት እስከ 1979 ድረስ ያንን ድርጅት በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። የአፓርታይዷን ደቡብ አፍሪካ ከኳስ መድረክ ለማግለል በተደረገው ትግልም ግንባር ቀደም ነበሩ። በስብሰባ አዳራሽ፣ በደንብና በአንቀጽ፣ በቋንቋ ነው የተዋጉት። በእሳቸው ዘመን በ1968 ድሬዳዋ የአፍሪካ ዋንጫን ጨዋታዎች አስተናግዳለች፤ ናይጄሪያ፣ ሞሮኮ፣ ዛየርና ሱዳን እዚያ ተጫውተዋል። ከሐረር ወርደው ያዩ ሰዎች ዛሬም አሉ፤ ጠይቃቸው። ያኔ ያስተናገደች ሀገር ኋላ የራሷን ጨዋታ በሰው ሀገር ስታደርግ፣ በመሐል የጠፋው ይህን የጽሕፈት ቤት ሙያ የሚያስቀጥል ትውልድ ነው ብዬ አምናለሁ።

ለአጎትህ የሚሆን መልስ ደግሞ ከፖርቹጋል ላምጣልህ። ጆዜ ሞሪንሆ በተጫዋችነት የትም አልደረሰም። እናቱ የንግድ ትምህርት ቤት አስመዝግባው ነበር፤ ትቶት ወጣና ሊዝበን ውስጥ ስፖርት ሳይንስ ተማረ። ከዚያ ቀጥሎ ዝነኛ ክለብ አልጠራውም፤ ትምህርት ቤት ገብቶ ሰውነት ማጎልመሻ አስተማረ፤ ታዳጊዎችን አሠለጠነ። እ.ኤ.አ. በ1992 እንግሊዛዊው ቦቢ ሮብሰን ስፖርቲንግ ሊዝበንን ሊያሠለጥን ሲመጣ አስተርጓሚ ፈለገ፤ ሞሪንሆ እንግሊዝኛ ይችል ነበር። በቋንቋው ገባ፤ በተማረው ቆየ። ስለ ተጋጣሚ ቡድን የሚጽፋቸው ዘገባዎች አለቃውን ስላስደነቁት ወደ ፖርቶ፣ ከዚያም ወደ ባርሴሎና ይዞት ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2004 በራሱ ቡድን፣ በፖርቶ፣ የአውሮፓን ሻምፒዮንስ ሊግ ወሰደ። እዚያው ፖርቶ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቪቶር ፍራዴ የሚባሉ መምህር ሩጫን፣ ጉልበትንና ታክቲክን ነጣጥሎ ማሠልጠን ስህተት ነው፣ ሁሉም በአንድ ልምምድ ውስጥ በኳስ ይሰጥ የሚል ትምህርት ሲያዳብሩ ነበር፤ ዛሬ በዓለም ዙሪያ አሠልጣኞች ይከተሉታል። ስለዚህ የአጎትህ ጥያቄ መልስ አለው። አንዲት ትንሽ ሀገር ኳስን የትምህርት ክፍል አድርጋ ስለያዘችው ዓለምን በአሠልጣኝ አጥለቅልቃለች።

ስፖርት ሳይንስ ያልተማረም ይገባል። የሊቨርፑልን የመረጃ ትንተና ክፍል ለዓመታት የመራው ኢያን ግራሃም በካምብሪጅ የፊዚክስ ዶክትሬቱን የሠራ ሰው ነው። እናንተ ማታ ማታ ስሙን የምትጠሩት ሞሐመድ ሳላህ ወደ ሊቨርፑል ሲመጣ የዚያ ክፍል ቁጥሮች ድርሻ ነበራቸው። ሒሳብ የሚሆንልህ ልጅ ከሆንክ "ኳስ ስለምወድ ስፖርት ሳይንስ ልግባ" ብለህ ብቻ አትወስን። ስታቲስቲክስ ተምረህ ኳስን ብታመጣበት ሊሻልህ ይችላል። ሕግም፣ ሒሳብ አያያዝም፣ ፊዚዮቴራፒም እንዲሁ።

ሕግ ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሠኝ፣ ብዙ ሰው የማያውቀው ገንዘብ ስላለ ነው። አንድ ተጫዋች በክፍያ ከአንድ ሀገር ክለብ ወደ ሌላ ሀገር ክለብ ሲዛወር፣ የፊፋ ደንብ ከዝውውሩ ዋጋ 5 በመቶው ልጁን ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሳደጉት ክለቦች እንዲከፋፈል ያዛል። ከ12 እስከ 15 ባለው ዕድሜ ለእያንዳንዱ ዓመት 0.25 በመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ለእያንዳንዱ ዓመት 0.5 በመቶ። አሁን ይህን ወደ ሐረር አምጣው። አንድ ልጅ ከ12 እስከ 15 ዓመቱ እዚህ በተመዘገበ ክለብ ተጫውቶ፣ ኋላ አንድ ቀን በ1 ሚሊዮን ዶላር ከአንድ የውጭ ክለብ ወደ ሌላው ቢሸጥ፣ የሐረሩ ክለብ ድርሻ 1 በመቶ ነው፤ 10,000 ዶላር። በዚያ ገንዘብ ምን ያህል ኳስ፣ ማልያና ጫማ እንደሚገዛ አንተው አስላው። ልጁ ደግሞ አንዴ ብቻ አይሸጥም፤ እንዲህ ያለ ዝውውር በተደረገ ቁጥር ድርሻው ይመጣል።

ግን ልጁ መቼ ገባ፣ በየትኛው የውድድር ዘመን በማን ስም ተመዘገበ፣ መቼ ለቀቀ የሚለው በፌዴሬሽኑ መዝገብ ላይ ከሌለ አንድ ሳንቲም አይመጣም። ከኅዳር 2015 ጀምሮ ይህን ክፍያ የሚያስተላልፍ የፊፋ ተቋም ሥራ ላይ ነው፤ ተቋሙ የሚያየው የተጫዋቹን ፓስፖርት፣ ማለትም ከልጅነት ጀምሮ የተመዘገበባቸውን ክለቦች ዝርዝር ነው። በእኛ ዘንድ ታዳጊዎች የሚመዘገቡት በወረቀት ነው፤ ወረቀቱ በአሠልጣኙ ቦርሳ ውስጥ ይኖራል፤ አሠልጣኙ ሲሄድ አብሮት ይሄዳል። የልደት ቀን በግምት ይጻፋል። ይህን የሚያስተካክል አንድ ጠንቃቃ ልጅ፣ ኮምፒውተርና ደንቡን የሚያውቅ፣ ለአንድ ከተማ ክለብ ከአንድ አጥቂ የማይተናነስ ዋጋ አለው። ጀጎል መጽሐፍ ስትጽፍ፣ ስትደጉስና ስታኖር የኖረች ከተማ ናት፤ አብዱላሂ ሸሪፍ በሙዚየማቸው ያሰባሰቡትን የእጅ ጽሑፍ ሄደህ እይ። ጽሑፍ የመጠበቅ ልማድ እያለን የልጆቻችንን መዝገብ መጣላችን ያሳዝነኛል።

ሐረር ቢራን የምታስታውስበት ዕድሜ የለህም። ፕሪሚየር ሊግ የተጫወተ ክለባችን ነበር፤ እሱ ሲጫወት ከተማው ይደምቅ ነበር። ዛሬ በፕሪሚየር ሊጉ የሐረር ክለብ የለም። ቢራ ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ2011 ለሄኒከን ተሸጧል። ማንንም ለመውቀስ አይደለም ይህን የማነሳው፤ በሀገራችን አብዛኞቹ ክለቦች የሚኖሩት ከአንድ ኪስ ስለሆነ ነው። ኪሱ የከተማ አስተዳደር ይሆናል፣ ባንክ ይሆናል፣ ፋብሪካ ይሆናል፤ ኪሱ ሲታጠፍ ክለቡም ይታጠፋል። የስታዲየም ትኬት፣ የማልያ ሽያጭ፣ የአባልነት መዋጮ፣ የስፖንሰር ውል የሚያሰላና የሚያመጣ ሰው በክለቡ ደሞዝ መዝገብ ላይ አታገኝም። በ2013 ሊጉ በአክሲዮን ማኅበር ሥር ሆኖ በዲኤስቲቪ መተላለፍ ሲጀምር የአምስት ዓመቱ ውል 68 ሚሊዮን ዶላር መሆኑ ተገልጾ ነበር። ገንዘብ ኳሳችን ዘንድ መምጣት እንደሚችል ያየነው ያኔ ነው። የመጣውን የሚያበዛ ሰው ግን ገና አላፈራንም። የስፖርት ማኔጅመንት ኮርስህን "ቀላል ኮርስ" ብለህ አትለፈው፤ ከሁሉ ይበልጥ ሥራ ያለው እሱ ላይ ነው ባይ ነኝ።

ግቢ ከገባህ በኋላ የምመክርህ አንድ ነገር፣ ከዲግሪው ጎን ሁለተኛ ሙያ ያዝ። ስፖርት ሳይንስ ብቻውን የያዘ ልጅ ብዙ ነው፤ ከተመረቀ በኋላ ሁሉም አንድ ዓይነት ሲቪ ይዞ አንድ ቢሮ በር ላይ ይሰለፋል። ስፖርት ሳይንስና ቪዲዮ መቁረጥና መተንተን የያዘ ትንሽ ነው፤ ስፖርት ሳይንስና አረብኛ የያዘ ከዚያም ያነሰ ነው።

አረብኛን ያነሳሁት በምክንያት ነው። የጀጎል ልጅ ሐረሪ፣ ኦሮምኛ፣ አማርኛ ይናገራል፤ ሶማልኛ ይሰማል፤ ቁርኣን የቀራ ደግሞ የአረብኛ ፊደል በእጁ ነው። ሌላው ሀገር ልጅ ገንዘብ ከፍሎ የሚማረውን አንተ ቤትህ አግኝተኸዋል። የካፍ ዋና ጽሕፈት ቤት ካይሮ ነው። ሳላዲን ሰኢድ ለአል አህሊ፣ ሽመልስ በቀለ ለፔትሮጀትና ለመካሳ ሲጫወቱ የነበሩት ግብፅ ነው። ኢንስትራክተር አብርሃም መብራቱ በመጋቢት 2010 ለእስያ ዋንጫ ያበቁት ብሔራዊ ቡድን የየመን ነው፤ የመን ደግሞ ከሐረር ብዙ የማትርቅ፣ አያቶቻችን ሲነግዱባት የኖሩባት ሀገር ናት። እንግዲህ የምታነበውን አረብኛ ወደ መናገርና ወደ መጻፍ አሳድገው። እንግሊዝኛህንም አጥብቅ፤ ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ የተጫዋች ወኪል ለመሆን የሚፈልግ ሁሉ የፊፋን ፈተና ማለፍ አለበት። ፈተናው 20 ጥያቄ ነው፤ 75 በመቶ ማምጣት ይጠይቃል፤ የሚሰጠውም በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛና በስፓኒሽ ነው። ስንት ጎበዝ ልጅ በቋንቋ ምክንያት ለደላላ እየተሸጠ እንደቀረ አይቻለሁ። ደንቡን አንብቦ የሚገባው የራሳችን ወኪል ቢኖር ያ ሁሉ ባልሆነ።

አሠልጣኝነትን የሙጥኝ ካልክ ደግሞ ይህን እወቅ፦ ዲግሪው ላይሰንሱን አይተካም። አሠልጣኝ ለመሆን የካፍ ላይሰንስ ደረጃዎች አሉ፤ ከዲ ተነስቶ በሲ፣ በቢና በኤ በኩል ይወጣል። ኮርሱን የሚያዘጋጀው ፌዴሬሽኑ ነው፤ ሲከፈት ቀድሞ የሚሰማው በክለብና በፌዴሬሽን አካባቢ የሚታይ ሰው ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምረህ ታይ። ክረምት ላይ ጀጎል ስትመለስ ታዳጊ ፕሮጀክት ከሚያሠለጥን ሰው ጋር ሥራ፤ ኮኑን አንተ ደርድር፣ የልጆቹን መቅረትና መገኘት አንተ መዝግብ። ኢማም አህመድ ስታዲየም ጨዋታ ሲኖር ከደጋፊ ጋር ከመቀመጥህ በፊት ኮሚሽነሩ ምን እንደሚጽፍ፣ አራተኛ ዳኛው ምን እንደሚሠራ፣ ቡድን መሪው የተጫዋቾቹን መታወቂያ እንዴት እንደሚያቀርብ ቀርበህ እይ። ክፍያ አትጠብቅ። ግን የሠራኸውን በጽሑፍ ያዝ፤ የሠራህላቸው ሰዎችም ፈርመው እንዲሰጡህ ጠይቅ።

ወጌሻ የሚለውን ቃል በክለቦቻችን ዘንድ ሁሌ ትሰማለህ፤ ተጫዋች ሲወድቅ ቦርሳ ይዞ የሚሮጠው ሰው ነው። ብዙዎቹ በልምድ የመጡ፣ እጃቸው የተባረከ ሰዎች ናቸው። ዛሬ ግን የጉልበት ጅማት የተቀደደበትን ልጅ በስንት ወር፣ በምን ዓይነት ልምምድ ወደ ሜዳ እንደሚመልሱት የሚያውቅ የተማረ ሰው ይፈለጋል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒ በዲግሪ ያስተምራል። እዚህ ሐረር ደግሞ የሐረማያ የጤና ኮሌጅና ሕይወት ፋና ሆስፒታል አሉልህ። ውጤትህ ለጤና ትምህርት የሚበቃ ከሆነ ይህን ከሁሉ አስቀድመህ አስበው። ተጫዋች ባለበት ሁሉ ጉዳት አለ፤ ይህ ሙያ ክለብ ቢፈርስም እንጀራ አያሳጣም።

ለእህትህም ይህን አንብብላት። ሊዲያ ታፈሰ ፋርማሲ ያጠናች ሴት ናት፤ ፊሽካዋን ይዛ እ.ኤ.አ. በ2015 ካናዳ፣ በ2019 ፈረንሳይ በተደረጉት የሴቶች ዓለም ዋንጫዎች ከዳኞቹ አንዷ ነበረች። ባምላክ ተሰማም እ.ኤ.አ. በ2018 ለሩሲያው ዓለም ዋንጫ ከተመረጡት ዳኞች አንዱ ነበር። ብሔራዊ ቡድናችን ዓለም ዋንጫ ገብቶ አያውቅም፤ ዳኞቻችን ግን ገብተዋል። ካፍ ዛሬ በክለቦች ውድድር የሚሳተፍ የወንዶች ክለብ የሴቶች ቡድን እንዲኖረው ይጠይቃል፤ ያ ቡድን አሠልጣኝ፣ ሐኪም፣ ቡድን መሪ ይፈልጋል። ሴት ልጅን የምታሠለጥን ሴት ስትኖር ደግሞ ልጃቸውን ሜዳ ለመላክ የሚያመነቱ የእኛ ሰፈር እናቶች ልባቸው ያርፋል። ይህ ሥራ እህቶቻችሁን ይጠብቃል ብለህ ለጓደኞችህም ንገራቸው።

አንድ የሚያስፈራኝ ነገር አለ፤ ቤቲንግ። ቁጥር የሚችል፣ ቡድን የሚተነትን ልጅ ቀድሞ የሚያገኘው "ሥራ" የውርርድ ትኬት መሙላት ሆኗል። በርጫ ላይ ተቀምጦ ስለ እንግሊዝ ሊግ ተጫዋች ጉዳት ከሐኪሙ በላይ የሚያወራ ልጅ፣ ያ ሁሉ ዕውቀቱ ለአንድ ትኬት ሲያልቅ ማየት ያቃጥለኛል። ልጄ፣ በኳስ ውስጥ መሥራት የሚፈልግ ሰው በኳስ አይወራረድም። ይህ የሽማግሌ ቁጣ ብቻ አይደለም፤ የፊፋ የሥነ ምግባር ደንብ በእግር ኳስ ሥራ ላይ ያለ ሰው በእግር ኳስ ጨዋታ እንዳይወራረድ ይከለክላል። የውርርድ ልማድ ይዘህ ክለብ ከገባህ አንድ ቀን አንድ ሰው ውጤት እንድትሸጥለት ይመጣብሃል።

ውጭ ሀገር መማርን ትጠይቀኛለህ። ሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ የእግር ኳስ ኢንዱስትሪን በኤምቢኤ ያስተምራል፤ እንግሊዝ ውስጥ ዩሲኤፍቢ የሚባል ለኳስ ንግድ የተቋቋመ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2011 በበርንሌይ ስታዲየም ተከፍቶ ኋላ ወደ ዌምብሌይም ተስፋፍቷል። እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ፊፋ ማስተር የሚባል፣ በእንግሊዝ፣ በጣሊያንና በስዊዘርላንድ የሚሰጥ የአንድ ዓመት ትምህርት አለ። የጀርመኑ ላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲም ለውጭ ሀገር አሠልጣኞች ኮርስ ይሰጣል። አብዛኞቹ ውድ ናቸው፤ ነፃ ዕድልም ይገኛል፤ የሚያገኘው ግን ዲግሪ ብቻ ሳይሆን ሥራ ሠርቶ የሚያሳይ ሰው ነው። መጀመሪያ እዚህ ሥራ፤ ከዚያ አመልክት። ቤተሰብህ ወርቅ ሸጦ እንዲልክህ አትፍቀድ።

ከተመረቅህ በኋላ የመጀመሪያ ሥራህ ምናልባት የሰውነት ማጎልመሻ መምህርነት ወይም የወጣቶችና ስፖርት ቢሮ ጠረጴዛ ይሆናል። ደሞዙ ትንሽ ነው፤ አልደብቅህም። ክለቦችም ቢሆኑ ብዙ ጊዜ የሚቀጥሩት በትውውቅ ነው፤ ማስታወቂያ አታይም። ሆኖም መምህር ስትሆን በእጅህ ስንት መቶ ልጅ እንዳለ አስብ፤ የሚሮጠውን፣ የሚዘለውን፣ ኳስ የገባውን ቀድመህ የምታየው አንተ ነህ። ሞሪንሆም የተነሳው ከዚያ ነው። እዚያ ሆነህ መዝግብ፣ አሠልጥን፣ ውድድር አዘጋጅ፣ ስለ ሐረር ኳስ ጻፍ። ገነነ መኩሪያ የሀገራችንን የኳስ ታሪክ እየለቀመ ባይጽፍ ኖሮ ብዙው ጠፍቶ ነበር፤ የሐረር ግን እስካሁን በሽማግሌዎች አፍ ላይ ነው ያለው፤ እኛ ደግሞ እያለቅን ነው።

ውጤትህ መጥቶ የምርጫ ቅጽ ስትሞላ የትምህርት ክፍሉን ስም ብቻ አይተህ አትምረጥ። እዚያ የሚማር ልጅ ፈልገህ ጠይቅ፦ ተማሪዎች ለተግባር ልምምድ ክለብ ይላካሉ ወይስ ሁሉም ትምህርት ቤት ብቻ ነው የሚሄዱት? ቤተ ሙከራው ውስጥ ያለው መሣሪያ ይሠራል ወይስ ሽፋኑ አልተገለጠም? ከመምህራኑ ላይሰንስ ያለው አሠልጣኝ ወይም ዳኛ የሆነ አለ? ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና ሳያልፉ ዲግሪ አይሰጥምና፣ ባለፈው ዓመት ከተፈተኑት ስንቱ አለፈ? የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ተማሪው ይመርጣል ወይስ ይሰጠዋል? መልሶቹን ጽፈህ ወደ እኔ አምጣቸው፤ አባትህም ባለበት ቁጭ ብለን እናያቸዋለን፣ ኢንሻአላህ።